ቆዳ የከደነው ዓይን

ዝናብ ሲያይል ጊዜ፣ ከፖስቶይና ዋሻ
ጎርፉ ይተፋቸዋል ወደ ሰዉ እርሻ።
"የዘንዶ ግልገል ነው" ይላል መንደርተኛ፤
ነጭ፣ እንደ ጣት ቀጭን፣ ዓይን አልባ ዋናተኛ።

ዝደንካ አትሟገትም። ሚዛን ታወጣለች፤
ክብደቱን፣ ቀኑን፣ የውኃውን ቅዝቃዜ
በእርሳስ ትጽፋለች።
አርባ ዓመት እንዲሁ።

አንድ ቀን እንቁላል በአጉሊ መነጽር አሳየችኝ።
ፅንሱ ዓይን ጀምሯል፤ ሁለት ጥቁር ነጥብ፣
ጠዋት የሚጠብቅ፣ ፀሐይ የሚያስብ።
ከወራት በኋላ፣ በማይነጋው ጓዳ፣
መጥቶ ከደነበት ዝም ብሎ ቆዳ።

"ጨለማው አይደለም" አለች "ዓይን የነጠቀው፤
ዓይን ቀለብ ይሻል፣ ማን ነው የሚቀልበው?
እዚህ ባዶ ቤት ነው። ቆጥቦ የኖረ
ልጁን አሳደገ፤ ዓይናማው ግን ቀረ።"

ዘንድሮ ሉብልያና ደርሳ ተመለሰች፤
ሐኪሙ ያላትን በአንድ ቃል ጨረሰች፦
"እየመሸ ነው" አለች።

አሁን መዝገቡን የምጽፍ እኔ ነኝ፣ የርኔይ፣
ፋኖስ ተሸካሚው።
እጇን ከውኃው በላይ ዘርግታ ትቆማለች።
"ስንት ሆነ?"
"ሃያ ሁለት ሴንቲ።"
"አምናም ያው ነበረ።
ጻፈው" ትለኛለች።