ሆደ ባሻ

ሦስት ጊዜ ተጣብቆ፣ ሦስት ጊዜ ለቀቀ፤
መተማ ሲሞቀው አንገቱ ወለቀ፣
ደባርቅ ሲበርደው ሆዱ ተሰነጠቀ።
ሆደ ባሻ ነበር ያ የእንጨት ጊታሬ፣
ሲያስማማኝ ከትናንት፣ ሲያጣላኝ ከዛሬ።

አዘዞ፣ ድንኳን ውስጥ፣ ሚዜው ሲያጨበጭብ፣
እኔ ጥግ ይዤ ቁልፍ ሳዞር፣ ክር ስስብ፤
"ተቃኘ?" "ተቃኘ።" ቁጭ ስል፣ ተፈታ።
ሙሽራዋ ያየችኝ ዓይን አይጠፋኝም ማታ።

ፍቅር አልነበረም ማለቴ ግን አይደለም፤
ክንዴ ባረፈበት ለቆ ነበር ቀለም፤
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ላቤ የሣለው ካርታ፣
የት እንደደከምኩኝ ያሳያል በተርታ።

እቁብ ወጣልኝና ግንቦት ሲገባደድ
ፒያሳ ወጣሁኝ፣ ሌላ ጊታር ልወድ።
ሙሉሰው ሱቅ ገባሁ። ሁለት ጊታር ሰቅሏል፤
አንዱ ማር ይመስላል፣ አንዱ ጥላት መስሏል።
ማሩ እንጨት ነው። ሳሸተው፣ ጥድ ጥድ ይላል፤
ሙጫና ቀለሙ ልብ ያባብላል።
ጥቁሩ ሽታ የለው፣ ዓይን የለው፣ ደም ሥርም፤
"ካርቦን ፋይበር" አለኝ፣ "ይኸ አይሰነጠርም።"

ሁለቱንም መታሁ። ማሩ ቶሎ መለሰ፣
ድምፁ ደረቴ ውስጥ እንደ ሰው ለሰለሰ።
ጥቁሩ ግን ጥርት አለ፣ እንደ ቀሃ ጠጠር፣
ምንም ሳይጨምር ነው ያልኩትን የሚናገር።

ልቤ ማሩን ወዶ፣ እጄ ጥቁሩን ያዘ፤
ክረምት በሩ ላይ ነው፣ ሰማዩ አረገዘ፤
ቤቴ ቆርቆሮ ነው፣ መኪናዬም ባጃጅ፤
እንጨት በየዕለቱ ይፈልጋል አማላጅ።

ብሩን መቁጠር አልከበደኝም፤ የከበደኝስ
ጋሽ አጣናው ደጅ ነው፣ ሳሙና በር ስደርስ።
ስሙም እንጨት ነው፣ እንጀራውም እንጨት፤
ሦስቴ ሲለጥፍልኝ እምቢ ያለኝ ሒሳብ ማውጣት።

ጥቁሩን ገለበጠው። በጥፍሩ ቆረቆረ፣
ጆሮውን ለጠፈ፣ ዝም ብሎ ቆጠረ።
"ብል ይደፍረዋል ወይ?" "የለም።" "እሺ፣ ምስጥስ?"
"የለም።" ዝም አለና፦ "እሺ፣ የኔ መሮስ?"

ምን ብዬ ልመልስ? መሬት መሬት ሳይ፣
ጣቱን ጥላት መስሎት ጠረገ ሽርጡ ላይ።
"'ካርቦን ከሰል ነው' ይላል ልጄ ሲያጠና ማታ፤
ይኸም እንጨት ነበር በለኛ፣ በአንድ ፈንታ።
አንዴ የነደደ እንጨት ምን ያስደነግጠዋል?
ያዘው፣ ሂድ፣ ይርሳው፤ ያንተን መንገድ ይችለዋል።
ያንን ሆደ ባሻ ግን ለኔ ተውልኝ፤
ክራር ይወጣዋል፣ ዕድሜ ከሰጠኝ።"

ሐምሌ ገባ። ከቸቸላ ስወርድ ባጃጁ አፈሰሰ፣
ማኅደሩ ውሃ ሞላ፣ ጥቁሩ ራሰ፤
በሸሚዜ ጠርጌ መታሁት። ልክ ነበር፤
ትናንት ካኖርኩት ቦታ አልሄደም አንድ ስንዝር።
ሆደ ሰፊ ነው፤ ቂም የለው፣ ኩርፊያ የለው፤
ብጥለው፣ ባነሣው፣ ያው ነው፣ ያው ነው፣ ያው።

ደስ ብሎኛል። ሌሊት ግን የቀረብኝ አለ፤
ያ ሆደ ባሻ ድሮ፣ ብቻውን "ጧ" እያለ
ይቀሰቅሰኝ ነበር፣ ዝናቡን ቀድሞ፤
ልብስ ላስገባ፣ ባልዲ ላኖር ስነሣ፣ ደግሞ
"ምን ሆንክ?" እለው ነበር፣ እንጨት መሆኑን ረስቼ።
ጥቁሩን ምን ልበለው? አፍጥጬ፣ አይቼ አይቼ...
ምንም አይሆን። ምንም ስለማይሆን
"እንዴት አደርክ?" የሚለው ማን ይሆን?
ዝናቡ ሲደርስ ነው አሁን የምሰማው፣
ልብሴ ከራሰ ወዲያ፣ ቆርቆሮው ሲመታው።

ትናንት በሳሙና በር ሳልፍ ጎራ አልኩኝ።
ክራሩ አልተጀመረም። "ሰቅየዋለሁ" አለኝ፣
"ሌሊት ሌሊት እህ ይላል፣ እንቅልፍ አጣሁ፤
ትናንት ጧ ሲል ሰምቼ ጣውላዬን አስገባሁ።"
ሳቅሁ።
ወደ ቤት ስመለስ ግን፣ ልንገራችሁ፣ ቀናሁ።