አንድ የሌለው ቃል

ሻርጃ፣ ፋብሪካ ሰፈር፣ ከበረዶው ቤት ደጅ፣
ሁለት ቃል ተለጥፏል፣ ባንድ ቀለም ባንድ እጅ።
አንዱ በዐረብኛ ነው፤ «ደዋጂን» ይላል፤ ገባኝ።
ሁለተኛው ግን «ፖልትሪ»፣ ስንት ሌሊት ሞገተኝ።

ደብተሬን አወጣሁና እንዲህ ብዬ ፈታሁ፦
«ፖልትሪ ማለት ዶሮ።» ባንድ መስመር ረካሁ።

ቢንዱ ግን፣ የኔፓሏ፣ እግር የምትለቅም፣
«ዳክዬም አለበት» አለች፣ «ዝዪቱም አትቀርም፤
ተርኪ የሚሉት ጎምላላም፣ ጭራውን የሚዘረጋ፤
እንቁላል ጥሎ፣ ታርዶ፣ ሰው የሚበላው መንጋ።»

ሰረዝሁና ጻፍሁ፦ «ፖልትሪ፣ የቤት ወፍ፤
ላባ እያለው የማይሄድ፣ ክንፍ እያለው የማይከንፍ።»

ማታ ሻጂ ሲመጣ፣ ኬረላው አለቃችን፣
ቃሌን ልሞክር ብዬ፣ ሊያልቅ ሲል ፈረቃችን፣
«ዋን ፖልትሪ ወደቀ፣ ከመንጠቆው» አልሁት።
ሳቁን ለቀቀብኝ፤ ምን እንዳጠፋሁ አጣሁት።

«ዋን የለውም» አለኝ፣ «ቱም የለውም፣ ቴንም፤
ፖልትሪ ፖልትሪ ነው፣ ቢበዛም ባይበዛም።
እንደ አሸዋ አስቢው። አሸዋ ይቆጠራል?
በኪሎ ነው የሚገዛው፣ በካርቶን ይጫናል።»

አሸዋ።

እኛ አገር፣ ሐርቡ፣ ከገበያው በላይ፣
ዶሮ በመልኳ ነበር፣ በስሟ የምትታይ።
ገብስማ አለች፣ ወሰራ፣ ቆቅማና ዝግርማ፣
ጉትያዋም ጎረቤቷን የምትንቅ ባለግርማ።
አክስቴ ዘምዘም ደግሞ፣ ደረቷ የሚያበራ
ልበወርቅ ነበረቻት፣ ከልጅ እኩል የምትጠራ።
ጭልፊት አንዷን ነጥቆ ወደ ገደሉ ቢወስዳት፣
ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፣ የትኛዋ ለማን እንደጠፋት።

ያን ሁሉ ስም ተሸክሜ፣ ባሕር ተሻግሬ መጥቼ፣
በቀን አሥራ ሁለት ሺህ ነጭ አሽጋለሁ፣
አንዷን የምጠራበት አጥቼ።

የፈረቃችን ወረቀት ከሰዓቱ ሥር ተለጥፏል፦
«ማንፓወር፣ አርባ ሁለት።» ረውዳ የት ተጽፏል?
ሻጂን ደግሜ ጠየቅሁት፦ «ዋን ማንፓወር ይባላል?»
ጺሙን አከከ፣ አሰበ። «እሱም» አለ «ያው መስሎኛል።»

ሐሙስ ሌሊት ነው፤ መኪናው ጭነቱን ሲያራግፍ፣
ከተሰበረ ሣጥን አንዷ ወጣች ስትከንፍ።
በጎማው ሥር ሾለከች፣ በዘበኛው እግር መሐል፤
ያቺ ሰነፍ፣ ያቺ ወፍራም፣ ሮጣ ታውቃለች ማን ይላል?
ሻጂ ከሩቅ ጮኸ፦ «ቺክን! ዋን ቺክን! ያዟት!»
ያን ጊዜ ነው የሰማሁት፣ አንድ ብሎ ሲቆጥራት።

አምና፣ ካልጋዬ በላይ የምትተኛው ሲቲና፣
ለአየር ወጣ ልበል ብላ ቀረች ወጥታ በዚያው ጎዳና።
ስድስት ዓመት ስሟን ጠርቶ የማያውቀው መሥሪያ ቤት
በነጋታው ለጠፋት፣ በትልቁ፣ በሩ ፊት፦
ሲቲና እንድሪስ አሊዬ፣ እስከ አያቷ ሳይቀር፣
ፎቶዋ በቀለም፣ ግንባሯ ላይ ያለው ጠባሳ እንኳ ሳይቀር።
እኔ ራሴ አያቷን ያወቅሁት ያን ጠዋት ነው።

ይህን እያሰብሁ ዞርሁ፣ ከጄኔሬተሩ ጀርባ።
አየኋት። ትተነፍሳለች፤ አፏ ላይ የራሷ ላባ።
አንድ ዓይኗን ወደ እኔ አዞረች፤ ቢጫ፣ ክብ፣ የማይርገበገብ።
ከኋላዋ የሽቦ አጥር፣ ቀዳዳ አለው፣ ጠባብ።
ከአጥሩ ወዲያ አሸዋ፣ ከአሸዋው ወዲያ አውራ ጎዳና፤
እዚያ ምን እንደሚጠብቃት እኔም አላውቅ፣ እሷም ገና።

«እሽ» አልኋት በቀስታ፣
እንደ ሐርቡ፣ ጤፍ ስንጠብቅ፣ ከስጡ እንደምናባርራት።

ሻጂ በባትሪ ደረሰ፣ ላብ አጥምቆት፣ እያለከለከ፦
«አየሻት?» አለኝ። ፊቴን በባትሪው እየለካ።

«ኖ ፖልትሪ፣ ሰር» አልሁት።

ቆመ። ቃሌን መረመረ። ራሱን ነቀነቀ፦
«ኮሬክት» አለኝ።