የአዘዞ ታክሲ

አንድ ሰዓት ከሩብ፣ ጎንደር፣ ፒያሳ ላይ፣
ታክሲ ስጠብቅ ቆምሁ፣ ዓይኑን እንኳ ሳላይ።
ያለፈው ሰዓት፣ አልሁ፣ ከሒሳብ ይፋቅ፤
ወይ መቆም ወይ መሄድ፣ ከአሁን ይጠየቅ።

አስረሴ ግን ሳቀ፣ ከፊቴ የቆመው፦
«ይህን ሁሉ ጠብቄ፣ ለማን ልተወው?»
እንደ ዕቁብ ነው ለሱ፣ የጣለው ደቂቃ፤
ዕጣው ሳይወጣለት፣ ማን ይላል «በቃ»?

ደመርሁ፣ ቀነስሁ፣ በጣቴ፣ በልቤ፤
በእግሬ ቁልቁል ወረድሁ፣ ሰማዩን ታዝቤ።
ቀሃ ድልድይ ስደርስ፣ ዝናቡ ወረደ፤
ታክሲው አስረሴን ጭኖ፣ ጭቃ ረጭቶኝ ሄደ።

ተሳሳትሁ?

ስሌቱ ልክ ነበር፤ አሁንም አልክድም፤
ልክ መሆን ግን፣ ለካ፣ ሱሪ አያደርቅም።
ነገም በእግሬ ነኝ፤ ቢጥል፣ ባያባራ፣
ጃንጥላ ደምሬ ከስሌቱ ጋራ።