ሦስት ፖስታ

ከሊን ወጣሁ ሌሊት፣ ባሕሩ ሳይነጋ፣
ልጄ ከኋላዬ፣ ከመኪናው ጣራ ላይ የተፈታ አልጋ፤
እግሩን ከራስጌው በገመድ ጠፍሬ፣
ጎረቤት እንዳይሰማ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ ደረጃውን በካልሲ ተሻግሬ።

የት እንደምሄድ ግን አልነገርኩም ለሰው፤
ለአንዱ ያሉት ነገር ነው፣ ዞሮ ዞሮ ለዚያ ለሌላው የሚደርሰው።
ለእድራችን ጸሐፊ "ስልኬ ይበላሻል" ብዬ ዋሽቻለሁ፤
ለትርሲት፣ ልጄን ላሳደገችልኝ፣ "ለሳምንት ነው" ብዬ ቁልፏን መልሻለሁ።

በቦርሳዬ ውስጥ አንዲት ካርድ ነበረች፣
ከመንጃ ፈቃዴ ጀርባ የተሸጎጠች፤
የሊን ፖሊስ አዛዥ ፈርሞ የሰጠኝ፣
ሽጉጥ እንድይዝ። መርማሪ ፌላን ነው "ለምን?" ብሎ የጠየቀኝ።
ቅጹ ላይ "ምክንያት" የሚለው ቦታ ጠባብ ነበርና፣
የፍርድ ቤቱን እገዳ ቅጂ አወጣሁና፣
ደግሞ የተገነጠለውን በር፣ የማጠፊያውን ፎቶ፣
አያይዤ ሰጠሁት። አልጠየቀኝም ከዚያ ወዲያ ከቶ።

ደንቡ እንዲህ ይላል፦ ፈቃድሽ አይሞትም፣
ከተማ ቀየርሽ ተብሎ ካርዱ አይነጠቅም፤
ግን በሠላሳ ቀን፣ በአደራ ደብዳቤ፣
ሦስት ቦታ ጻፊ ይላል። ሦስቴ ከዳኝ ልቤ።
ለለቀቅሽው አዛዥ፣ ለደረስሽበቱ፣
ለክፍለ ግዛቱም ለመዝገብ ቤቱ።

ይቺን ካርድ ያወጣሁት ከእሱ ለመዳን ነው፤
ቤቴን የደበቅሁትም ከእሱ ለመዳን ነው፤
አሁን አንዱ መዳኛ ሌላውን መዳኛ
"ግለጥና ስጠኝ" አለው።

ሃያ ስድስት ቀን ጠረጴዛ ላይ ዋለ ባዶው ወረቀት።
ልጄ ዳይኖሰር ሣለችበት፣
በአረንጓዴ እርሳስ፣ አንገቱ ረጅም፤
"ቤቱ የት ነው?" ብዬ ብጠይቃት፣
"ምስጢር ነው" አለችኝ፣ "አይነገርም ለማንም።"

በሃያ ሰባተኛው ጻፍኩ። እጄ ቁጥሩን አያውቀውም፤
አንድም ቀን ጽፌው አላውቅ፣ መብራቱ እንኳ በአከራዬ ስም።
ሦስቱንም በፖስታ ቤቱ መስኮት አስረክቤ፣
ሦስተኛውን ተከትዬው ሄድኩ፣ አላሳርፍ ቢለኝ ልቤ።

የግሪንፊልዱ ሳጅን ኮዋልስኪ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
በስልክ ያወራ ነበር፣ መንገድ ላይ ስለወጣች የሰው ላም፣
"አዎ፣ አዎ፣ ጥቁሯ" ብሎ።

"ጌታዬ" አልኩት፣ "አድራሻዬ እዚህ ሲገባ ማነው የሚያየው?
መዝገቡ አፍ አለው?
ሊን ያለ አንድ ሰው፣ ፖሊስ ወዳጅ ቢኖረው..."
ቀሪው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

የድሮ ፋይሌን ከፈተ። የበሩን ፎቶ ሲያይ ቆየ።
ቃል አልገባልኝም። ቢገባልኝም አላምነውም ነበር።
ወረቀቱን ብቻ ገለበጠው፣ ፊቱን ወደ ታች፣ ከክንዱ ሥር።
ከዚያ እስክሪብቶውን ዘግቶ፣
"ምክንያትሽስ ያው ነው?" አለኝ፣ ላሟንም ስልኩንም ረስቶ።

"ያው ነው" አልኩት። "ምክንያቴ አድራሻ አልቀየረም፤
ቢቀይርም ደግሞ፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ ሕግ አያስገድደውም።"

በአሥረኛው ቀን ከፖስታ ሳጥኔ
ስሜን የያዘ የመጀመሪያው ወረቀት ወጣ፣ በዚህ ቤት ዘመኔ፤
አረንጓዴ ደረሰኝ፣ ከሊን የተመለሰ፣ "ደርሷል" የሚል፣
ተቀባዩ የፈረመበት፣ በጥድፊያ፣ ጥምዝምዝ እንደ ትል።

ልጄ እስክትተኛ ቆይቼ፣
ሽጉጡ ሳጥኑ ውስጥ፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ፣ በሩን ሁለቴ ዘግቼ፣
ከመብራቱ ሥር ዘረጋሁት።
የማን እጅ እንደሆነ ፊደል በፊደል ልለይ ሞከርኩ።

አይነበብም።