ልዩ ልዩ

የደብረ ብርሃን ብርድ ሂሳብ አይገባውም፤
"ወሩ ገና ነው" ብለው፣ "ብር የለኝም" ብለው፣ ጆሮ የለውም።
ከበሬሳ ተነስቶ፣ በጠባሴ ዞሮ፣
በካርቶን የደፈንነውን የዶርም መስኮት ሰርስሮ፣
ገብቶ አብሮን ያድራል፤
ብርድ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ብርድ ያስርባል።
ብርድ ልብስ በሚሠራ ከተማ እኛን ብርድ ልብስ አማረን፤
እንተኛለን፣ ጋቢ በጃኬት፣ ጃኬት በሹራብ ደርበን።

ነን ካፌ ነኝ። በቀን መቶ ብር፣ በወር ሦስት ሺህ።
ካፌውን የተውኩት ወጡ ውሃ ውሃ ቢለኝ፤
እውነት ለመናገር፣ አሁን ውሃው ናፈቀኝ።

አካውንቲንግ ሁለተኛ ዓመት ነኝ፤ መዝገብ መያዝ ነው ሙያዬ፤
ኅዳር ሲገባ ከፈትኩ፣ ከደብተሬ ጀርባ፣ የራሴን ለብቻዬ።

ምሳ፦ በቀን አንድ ሽሮ፤ ስልሳ ሲባዛ በሠላሳ፣
አንድ ሺህ ስምንት መቶ። (አሥር ሰዓት ላይ ከበሉት እራትም ይሆናል ምሳ።)
ዳቦ ለቁርስ፦ ሦስት መቶ። በሶ ከቤት ስላለ
ስኳሩን ሰረዝኩት፤ በስኳር እጦት የሞተ የለ።
ሳሙናና ኦሞ፦ ሁለት መቶ።
ሞዴስ፦ መቶ፤ ከዚህኛው ጋር መደራደር አይቻልም፣
ወሩ ጠበበም ሰፋ፣ እሱ ቀኑን አይቀይርም።
ሃንድአውት፦ መቶ ሃምሳ፤ የኮስት መምህራችን፣ እስኪያልቅ ድረስ ወረቀቱ፣
"ኮፒ አድርጉ" ማለት ይወዳል፤ ከኮፒ ቤቱ ጋር ሽርክ ነው መሰለኝ በእውነቱ።
ካርድ፦ መቶ፤ እናቴ ከእነዋሪ ሚስኮል ስታደርግልኝ
"በልቻለሁ" ብዬ ለመዋሸት እንኳ ካርድ አስፈለገኝ።
የጋሽ ሸዋንግዛው ሱቅ ዱቤ፦ ሁለት መቶ አርባ፤
ደጃፉ ላይ ስደርስ እግሬ ይፈጥናል፣ ሰው መሐል እስክገባ።

ደመርኩት። ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ዘጠና።
የቀረችውን መቶ አሥር "ልዩ ልዩ" አልኳት፤ ስም የላትምና።

ስንዱ አብራኝ ነው የምታድረው፣ ከእኔ በላይ ካለው አልጋ ላይ፤
ስሟ ነው ስንዱ፤ ሎከሯ ግን ከአንድ ማበጠሪያ በቀር ምንም የለው የሚታይ።
ኅዳር አሥራ ሦስት "ነይ ምሳ እንብላ" ስላት፣
"ጽጌን እየጾምኩ ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት።"
ጽጌ ካለፈ ሳምንት ሆነው! ረቡዕ አይደል፣ ዓርብ አይደል፤
እኔ የቄስ ልጅ ነኝ፤ ጾም ሲገባና ሲወጣ ማን ይነግረኛል?
ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። "ዛሬስ አክፍዬ ነው የምውል" አለችኝ።
አክፍሎት በኅዳር! ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ሳቄ ጠፋኝ።

ማታ ስልኳ በራ። ቴሌብር፦ "ለአጥናፉ ሁለት ሺህ ብር ልከዋል" ይላል፤
አጥናፉ ታናሿ ነው፤ መሐል ሜዳ ተከራይቶ አሥራ ሁለተኛን ይማራል።
ለካ የሷ ወር መጨረሻው ወር ሲገባ ነው የሚጀምረው፤
ለካ መቁጠሪያው ላይ የሌለውን ጾም ኪስ ነው የሚያውጀው።

ምንም አላልኩም። በማግስቱ ሁለት ዳቦ ገዛሁ፣
"ባለሱቁ ተሳስቶ ጨመረልኝ" ብዬ ዋሸሁ።
ጋሽ ሸዋንግዛው ተሳስቶ? ያ ሳንቲም የማትስተው ሰውዬ?
አየችኝ። ዳቦውን አየችው። በላች፣ ፊቷን አዙራ፣ ቀስ ብላ፤ እኔም ቀና አላልኩም፣ በሶዬን በጥብጬ።

መቶ አሥሯ ለአሥራ አንድ ቀን በቃች። ከዚያ የኮፒውን ነካሁ፤
ምዕራፍ አምስትን ከሰው ተውሼ በእጄ ቀዳሁ።

መምህሩ ይላል፦ "ልዩ ልዩ ሲበዛ ኦዲተር ይጠረጥራል፣
ዝርዝሩ ይጻፍ።" እውነት ነው። ግን ምን ተብሎ ይዘረዘራል?
"የስንዱ ዳቦ" ብል፣ ደብተሬን ታገላብጣለች፤
አንብባ ደግሞ ነገ ሌላ ጾም ታውጃለች።

ኅዳር ሠላሳ ጠዋት። ከአንድ ዳቦ በላይ አቅም አልነበረንም።
ስንዱ ለሁለት ቆረሰችው፤ እኩል አልሆነም።
ትንሹን ልታነሳ ስትል ቀማኋት፤
መልሳ ነጠቀችኝ፤ እጇን ያዝኩባት፤
ስንጓተት የሁለት ሰዓቱ ክፍል አለፈን፤
ትንሹን እንደገና ቆርሰን ሁለት ጉርሻ አደረግን።

ማታ ሂሳቡን ዘጋሁ፤ "ቀሪ፦ ዜሮ" ብዬ ጻፍኩ ከግርጌው፤
ትልቁ ቁራሽ ግን ሎከሩ ላይ ነው፤ ማናችንም አልነካነው።