ጊዜያዊ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስተኛው ማቅለሚያ ቆመ፤
ማንም ሳያዘው ቫልቩ ተከፍቶ፣ ወለሉ ሰማያዊ ቀለመ።
ፈረቃ መሪው መጣ፣ ጫማውን አየ፣
ከዚያ ሰው ፈለገ።

ሰው ማለት ዱካሌ ናት፣ ከቁልፉ አጠገብ የቆመች፣
ባጇ ላይ «ጊዜያዊ» የሚል የታተመባት፣
ከአለታ ወንዶ ወደ ሐዋሳ ፓርክ ከመጣች አርባ ቀን ያልሞላት።
«ነክተሽ ነው» አላት። «አልነካሁም» አለች።
ቃሏ ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ጣሪያው ወጣ፤
ማስጠንቀቂያው ግን በሁለት ቅጂ መጣ።

እኔ ጥገና ነኝ። ሰው አልጠይቅም፣ ገመድ እሰካለሁ፤
ጀርባዬን ለካቢኔው፣ ላፕቶፑን ለጭኔ ሰጥቼ እቀመጣለሁ።
ኮንትሮለር አይተኛም። ከላይ እስከ ታች ያነባል፣
ሲጨርስ እንደገና ይጀምራል፤
ዓይንህን እስክትጠቅስ ሃያ ጊዜ ይመላለሳል።

በየብሎኩ ሁለት ዓይነት ተለዋዋጭ አለ፦
ቋሚው የራሱ ጓዳ አለው፣ ማታ የያዘውን ጠዋት አይጥልም።
ጊዜያዊው ግን እስኪጠራ ድረስ ስፍራ የለውም፤
ሲጠራ ይገባል፣ ሥራው ሲያልቅ አልጋውን ይለቃል፣
አልጋውን የሚያነጥፍ የለም።

የዱካሌን ኪራይ ቤት አውቀዋለሁ፤ መብራቱን የቀጠልኩላቸው እኔ ነኝ።
አራት ሴቶች፣ ሁለት ፍራሽ።
የቀኗ ስትነሳ የሌሊቷ ትጋደማለች፣
ፍራሹ ሳይበርድ፣ በሌላ ሰው ጎን ልክ እንደጎደጎደ፤
ትራስ ሥር የሷ ያልሆነ የፀጉር ሽቦ ታገኛለች።
የኮንትሮለሩም ትውስታ እንዲሁ ነው፤
ባዶ ነው ብለህ ከገባህ የቀዳሚህ ሽቦ ይወጋሃል።
ሠራተኛው «ማሽኑ ቂም ይይዛል» ይላል።
አይይዝም። አያስታውስም፣ አይረሳምም፤
ያልተጠረገ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም።

መቶ አሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ አገኘኋት፣
«ክፈት» የምትል አንዲት ጊዜያዊ፣
ማንም ምንም ሳይጽፍባት የምትነበብ።
ሁለት ዓመት ሙሉ ዜሮ ነበረች፣
ከፊቷ የሚያልፈው ብሎክ ዜሮ ጥሎላት ስለሚሄድ።
እኛም ዕድሏን ጤና ብለን ስንኖር፣
ባለፈው ሐሙስ ጥቅል የሚቆጥር አዲስ ብሎክ ገባ፤
መቶ ሲሞላለት እዚያው ፍራሽ ላይ አንድን ትቶ ወጣ።
አንድ ማለት ክፈት ነው። ቫልቭ አይከራከርም።

ያስገባሁት እኔ ነኝ።
አመሻሽ ላይ ነበር፤ አሞራ ገደል ዓሣ ልበላ ቸኩዬ።

መድኃኒቷ አንድ መስመር ናት፦ ሳታነብ ጻፍ፣
ሳትተኛ አራግፍ።
ዜሮ ጻፍኩባት፤ ጫንኩት። ማሽኑ ሞላ፣ ዞረ፣
ጨርቁ እንደ ወትሮው ሰማያዊ ሲጠጣ አደረ።

ሲነጋ ለፈረቃ መሪው ሁሉንም ነገርኩት፣ ሐሙስን ጨምሬ።
«ተስተካክሏል አይደል?»
«ወረቀቷስ?»
«እሱማ ፋይል ገብቷል።»
ፋይል ቋሚ ነው። መብራት ቢጠፋም አይጠፋም።

ከሳምንት በኋላ፣ ውሏ ማለቁን ስሰማ፣
ምን እንደምላት ሳላውቅ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል።
ግድግዳው ላይ ምስማር፣ ምስማሩ ላይ ጠርዙ ሰማያዊ ሽርጥ፤
ፍራሹ ላይ ጀርባዋን የሰጠች ልጅ።

«ዱካሌ» ብዬ ተጣራሁ።

አይቻት የማላውቅ ልጅ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣
«አቤት» አለች።