ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ

እኔ ሁለተኛ ፎቅ፣ እሱ ከእኔ በላይ፤
የሱ ወለል ነው የእኔ ቤት ሰማይ።
ማልተ ይባላል፤ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣
ኦደንሰ ተወልዶ፣ ኦደንሰ አባቱ፣
የአያቱም መቃብር ከቦዩ ማዶ ነው፤
ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እስካነሣው።

ድሮ ደረጃ ላይ ዘንቢሌን ተቀብሎ፣
የብስክሌቴን ሰንሰለት በጣቱ ጠቅልሎ፣
«ዘይት ግዢ፣ ደርቋል» ይለኝ ነበር።
ከዚያ አባቱ ሞተ፤ ከዚያ ፋብሪካው ከበር
መለሰው፤ ከዚያ መጋረጃው ወረደ፣
ሰማያዊ ብርሃን ሌሊቱን ነደደ።
የማላውቃቸው ድምፆች ጣሪያዬ ላይ ይስቃሉ፣
የማያውቁትን ልጅ «ወንድሜ» ይላሉ።
«ብቸኛ ተኩላ» ይለዋል ጋዜጣው እንዲህ ያለውን፤
እኔ ግን እሰማ ነበር፣ ሌሊት፣ መንጋውን።

አንድ ቅዳሜ፣ ልብስ ከምናጥብበት ምድር ቤት፣
ማሽን ላይ የተረሳ ደብተር አገኘሁ፤ ገለጥኩት።
በእርሳስ የተሣለ ቤት፦ ሁለት በር፣ አንድ መስኮት፣
ከጎኑ ቀንና ሰዓት።
የቋንቋ ትምህርት ቤታችን። ማክሰኞ። የእኔ ቀን።
በሩ አጠገብ ያለችው ክብ፣ የእኔ ወንበር።
ሰው የገዛ ሞቱን ተሥሎ ሲያይ
መጀመሪያ የሚያስበውን ልንገራችሁ፦
«የልጁ እጅ እንዴት ያምራል፣ መስመሩ እንዴት ቀጥ ይላል!»

ሦስት ቀን ዝም አልኩ።
ዛሬም የማፍረው በነዚያ ሦስት ቀኖች ነው።

ማታ ማታ የማዘጋጃ ቤቱን አዳራሽ እወለውላለሁ፤
ስብሰባ ሲረዝም ባልዲዬን ይዤ በር ላይ እጠብቃለሁ።
በዚያ ሳምንት በሌላ ከተማ ደም ፈስሶ ነበር፤
አበባ ተቀምጦ፣ ሻማ በርቶ፣ ንግግር በንግግር።
ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላል የእኛ ሰው።
አንዱ ካሜራ ይተከል አለ፣ በየምሰሶው፤
አንዷ የተጠረጠረ ሁሉ ስልኩ ይጠለፍ አለች፤
ሌላው ጠረጴዛ መታ፦ «ወደመጡበት ይመለሱ!»
ወዴት? አልኩ በሆዴ፣ መወልወያዬን ተደግፌ፤
ማልተን ወዴት?
ከቦዩ ማዶ፣ አያቱ መቃብር ጎን?

ከኋላ ወንበር አንድ ዝምተኛ ሰው ተነሣ፣ ኤስበን የሚሉት።
«ሳይቃጠል በቅጠል» አላለም፣ ቋንቋችንን አያውቅም፤
ያለው ግን እሱኑ ነው።
«ሰው ስጡኝ» አለ፤ «ሐሙስ ሐሙስ በር የሚያንኳኳ፣
ሲሰድቡት የሚቀመጥ፣
ሲያባርሩት ተመልሶ የሚመጣ።»

በማግስቱ ደወልኩ።
ሁለቱም መጡ። ፖሊስ ጎህ ሳይቀድ ደርሶ
የአያቱን የአደን ጠመንጃ ከቁም ሣጥን ወሰደ፤
ልጁ ተከሰሰ፤ ታሰረ፤ ተፈታ።
ጠመንጃውን ሕግ ወሰደው፣ ደግ አደረገ፤
ሌሊቱንስ ማን ይወስድለታል?
ሌሊት በኤግዚቢት አይያዝም።

ኤስበን ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል፤
የብስክሌቱን ቁልፍ ድምፅ ለይቼዋለሁ።
የመጀመሪያው ወር በሩ ፊቱ ላይ ተዘጋ። ሁለተኛውም።
በሦስተኛው፣ ጣሪያዬ ላይ፣ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ፤
አንድ ወንበር።
ቆይቶ ሌላ።
(እናቱ ቢርጊተ ያን ሌሊት አለቀሰች፤ እሱንም ሰማሁ።)

ዘንድሮ የበጀት ወሬ መጣ፤ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ፤
«የኤስበን ክፍል ምን ሠራ? ገንዘብ ከመብላት ሌላ?
ይኸው ምንም አልደረሰ!»
ምንም አልደረሰ።
ያልፈሰሰ ደም በየትኛው ሚዛን ይለካል?
ላልሞተ ሰው ማን ሐውልት ያቆማል?
ያ «ምንም» የምትሉት እኔ ነኝ፣ ባልዲ ይዤ ቆሜያለሁ፣
ልል ነበር፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤
የጽዳት ሠራተኛ ግን እጅ አያወጣም።
ሲወጡ የወንበሮቻቸውን ሥር ወለወልኩ፣ ሁለት ጊዜ።

ትናንት ማልተን ደረጃ ላይ አገኘሁት።
ዘንቢሌን አልተቀበለኝም፤ ሰላምም አላለኝ።
በሩን ግን ያዘልኝ፣ እስካልፍ፣ መሬት መሬት እያየ።
አመሰገንኩት። ይቅር ያልኩት አይመስለኝም።
ማክሰኞ ማክሰኞ አሁንም እማራለሁ፤
ወንበሬን ግን ቀይሬያለሁ፣
ከበሩም ከመስኮቱም ርቄ፣
ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ።